የመንግሥት ዘር የበቀለበት ማሳ

በከተማው ዳር ባለችው ማዮ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ፣ ገዚራ የሚባለው የእርሻ አገር ገበሬ ሚስት ነበረች። ጦርነቱ መንደራቸው ሲደርስ ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ ባሏ ግን ቀረ። መንግሥት ለድጋፍ ያከፋፈለው የማሽላ ዘርና ማዳበሪያ ገና እጁ ላይ ስለነበረ፣ «ዘርቼ እከተላችኋለሁ» አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ተቀምጠን ራዲዮ ከፈትኩ። አንድ ባለሥልጣን የዓመቱን አዝመራ ይገመግማል። ዝናቡ ጥሩ እንደነበር፣ የተከፋፈለውም ዘር ፍሬ እንዳፈራ ተናገረና የጎረቤቴን አካባቢ ስም ጠራ። እኔ ደስ ብሎኝ፣ «ሰማሽ? ባልሽ ዘርቷል ማለት ነው» አልኳት።

እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ። «መዝራቱንስ ዘርቷል» አለችኝ። «ማን አጨደው?»

ልጆቿን እኔ ዘንድ ትታ በጭነት መኪና ወደ መንደሯ ሄደች። ስትመለስ ያየችውን ነገረችኝ። ማሳው ታጭዷል፤ ቤቱ በር እንኳ የለውም። መንደሩ ውስጥ የቀሩ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ባልሽ ዘሩን ሲዘራ አይተነዋል፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ያጨዱት ግን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። በመኪና ጭነው ሄዱ» አሏት።

ያን ሰሞን የከተማው ገበያ በማሽላ ተሞላ። አሲዳ የሚሉትን የማሽላ ገንፎ ሠርቼ ለልጆቿ ሳቀርብ እሷ አትነካውም። «ብዪ እንጂ» ስላት፣ «ከየትኛው ማሳ እንደመጣ በምን አውቃለሁ?» ትለኛለች። እኔም ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን ስነካ፣ አይቼው የማላውቀው ባሏ ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።