ደጃፌ ድረስ የመጣ ትምህርት

ሕመሙ የጀመረኝ በእልልታ መካከል ነው። መርሳ ከተማ በተከራየናት ቤት የበኩር ልጄን እንደተገላገልኩ ሴቶቹ እልል አሉ። ሕፃኗን አሳዩኝ። አየኋት። ምንም አልተሰማኝም። ደክሞኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ክርስትናዋ አለፈ፤ ድካሙ አላለፈም። እንቅልፍ የለኝም። ምግብ አፈር አፈር ይለኛል። ስታለቅስ የጎረቤት ልጅ የምታለቅስ ይመስለኛል። አጠባታለሁ። አስተኛታለሁ። አላለቅስም። አልስቅም።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ከድርቁ ማግስት። ስንቱ ልጁን በቀበረበት አገር ጤነኛ ልጅ ታቅፌ “ከፋኝ” ማለት ነውር መሰለኝ። እናቴ በሕይወት የለችም፤ ዘመዶቼ ራቅ ብለው ጉባ ላፍቶ ናቸው። ከጎረቤት አንዱ ዛር ነው ይላል፣ ሌላው ዓይን ነው ይላል።

ባለቤቴ ጌታቸው አስተማሪ ነው። አንድ ቀን ሳጠባት ቆሞ አየንና፣ “ይቺ ልጅ አንቺን አታይም እኮ፤ ጣራውን ነው የምታየው” አለኝ። ሰማሁት። አልደነገጥኩም። እሱን ያስደነገጠው የኔ አለመደንገጥ ነው።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣና በጭነት መኪና ጋቢና ወልድያ ሆስፒታል ወሰደኝ። መንገድ ላይ ሲሪንቃ ስንደርስ ማሽላው አሽቶ ነበር ይላል። እኔ አላስታውስም።

ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ። በመጨረሻ፣ “ሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ።

“ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ” አልኩት።

ጌታቸው አንገቱን ደፋ።

“ይህ ሕመም ነው” አለ ሐኪሙ። “ዲፕሬሽን ይባላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ አለ። ስንፍና አይደለም፣ ክፋትም አይደለም። ይድናል። ብቻዋን ግን አትተዋት።” አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አዘዘልኝና ጌታቸው ዘንድ እንዲቀመጥ አደረገ።

ክኒኑ አፌን አደረቀው። ውሎ አድሮ እንቅልፍ ሰጠኝ። ሌላው እንዳለ ነበር።

በመርሳ ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ የትንንሽ ልጆችን እናቶች በቀበሌው አዳራሽ ታስተምር ነበር። እኔ ከቤት አልወጣም ስል፣ ጌታቸው ልጃችንን በአንቀልባ አዝሎ ሄደ። ሴቶቹ ሳቁበት። “እናትየዋስ?” ሲሉት እውነቱን ነገራቸው። ያኔ ሳቁ ቆመ።

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ግቢያችን በሰው ተሞላ። ጎረቤቴ እት ዘሐራ፣ ሲስተር አልማዝንና ልጅ ያዘሉትን ሁሉ አስከትለው፣ ሰሌናቸውን ይዘው መጥተዋል። በበሩ ብቅ አሉና፣ “አዳራሹ ሙቀቱ አላስቀምጥ ቢለን እዚህ ጥላው ሥር እንማር ብለን ነው። አንቺ ተኝተሽ ስሚ ልጄ” አሉኝ። ሰበብ መሆኑ ገብቶኛል። ተኝቼ ሰማሁ። ማንም ተናገሪ አላለኝም።

ስለ ክትባት ተማሩ፤ ስለ ተቅማጥ ተማሩ። አንድ ቀን ሲስተር አልማዝ ሕፃንን ስለ ማነጋገር ስታስረዳ፣ ከአልጋዬ ሆኜ፣ “እኔ የምነግራት የለኝም” አልኩ።

“ፍቅርሽን ንገሪያት አላልኩሽም” አለችኝ። “እጅሽ የሚሠራውን ንገሪያት።”

በማግስቱ ሳጥባት፣ “ውኃ እያፈሰስኩ ነው። እግርሽን እያጠብኩ ነው” አልኳት። ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ደስ አላለኝም። ግን ደገምኩት።

ከዚያ ወዲያ እት ዘሐራ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን እየወሰዱ እኔን ያስተኙኛል፣ ሌሎቹ ተራ ገብተው አጥሚቱንም ልብስ አጠባውንም ያዙልኝ፣ እኔም መጀመሪያ የበሩ ደፍ ላይ፣ በኋላ ሰሌኑ ጫፍ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ልጄ መቀመጥ ስትችል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሴቶቹ መሐል ሆና ብርቱካን ስትጠባ፣ የአንዷ ልጅ ከእጇ ነጠቃትና አለቀሰች። ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ “ስጣት! ያንተ ነው እንዴ?” ብዬ ጮህኩበት። ሁሉም አፈጠጡብኝ።

“አልሐምዱሊላህ! ተቆጣች!” አሉ እት ዘሐራ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ። የልጁ እናት ራሷ ሳቀች። እኔም ስስቅ ዕንባዬ መጣ፤ ልጄን አንስቼ አቀፍኳትና የራሷ ሽታ፣ ያ ሁሉ ወር አፍንጫዬ ሥር የነበረው፣ ያኔ ገና ሸተተኝ።

ፈጥኖ አልዳንኩም። መድኃኒቱን ሐኪሙ በቃሽ እስኪለኝ ዋጥኩ፤ የሚመለሱብኝ መጥፎ ቀናትም ነበሩ። እነዚያን ሴቶችና ጌታቸውን እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እንደኔ የሆንሽ እናት፣ ምንም ስላልተሰማሽ እናት አይደለሁም አትበይ። ሞትን ከተመኘሽ ዛሬውኑ ለሰው ንገሪ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ፍቅሩ እስኪመጣ አጥቢያት፣ እጠቢያት፣ አነጋግሪያት። ጎረቤቶቿ የሆናችሁ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እያላችሁ አታድክሟት። ልጇን ተቀበሏትና ትተኛ።