«ባዶ ነው፤ አይነካ»

በሌላ ሰው እውቀት ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? በሀብቱ ወይም በመልኩ ሳይሆን፣ በሚያውቀው ነገር ብቻ? እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም አርባ ምንጭ ውስጥ ታስሬ።

ያሳሰረኝ የቴፕ ክር ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች ሲመርቁ ለመቅዳት አስቤ፣ ከትምህርት ቤታችን መጋዘን ስድስት ጥቅል የድሮ ክር ተረከብኩ። ምንም አልተቀዳባቸውም። በብረት ሳጥን ቆለፍኳቸውና በእያንዳንዱ ላይ «ባዶ ነው፤ አይነካ» ብዬ ጻፍኩ። የፖለቲካ ቅስቀሳ ፍለጋ ቤቴን የፈተሹት ፖሊሶች ይህን አነበቡ።

«ባዶ ከሆነ ለምን አይነካም?» አለኝ መርማሪው።

አቧራና እርጥበት እንደሚያበላሸው በዝርዝር አስረዳሁት። ባስረዳሁት ቁጥር ጥርጣሬው ባሰ፤ ቅስቀሳ ቀድቼ የደበቅኩ መሰለው።

የታሰርንበት ክፍል ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ዘጠኝ ነበርን። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ በጣቴ እየጻፍኩ ሳስተምር፣ «ቲቸር» እያሉ ይከቡኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ከካምባ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ክሮቹን እንዴት እንዳስቀመጥኳቸው ጠየቁኝ።

«አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሬ» አልኩ በኩራት።

«ቂጣ ነው እንዴ? ክር እንደ መጽሐፍ ይቆማል እንጂ አይተኛም፤ ከተኛ ጠርዙ ይታጠፋል። ድምፅ ማጉያ አጠገብም አይቀመጥም፤ ማግኔቱ ይበላዋል።»

«ቲቸር ወደቀ!» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ምንጣፎቹ ወደ እሳቸው ጥግ ዞሩ። ሽማግሌው ሲያስሉ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወሬያቸው ይቋረጣላ።

በማግስቱ መርማሪው የክሩን ማጫወቻ ማሽን ከትምህርት ቤታችን አስመጥቶ ጠራኝ።

«እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ባዶ ከሆነ ትሄዳለህ። ማስኬድ የሚችል አለ?»

«እኔ እችላለሁ» አልኩ። ሽማግሌው እንዳይጠሩ ብዬ ዋሸሁ።

ክሩን በማሽኑ ውስጥ ሳሳልፍ ተጣመመ። ጠርዙ ሲሰነጠቅ ሰማሁ።

«ብትበጥሰው ማስረጃ አጠፋ ብዬ ነው የምጽፈው» አለኝ።

እጄን አነሳሁ። «አልችልም። ክፍላችን ያሉት ጋሼ ይችላሉ።»

መጡ። እጃቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው ክሩን በሁለት ጣት ይዘው አሳለፉት። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። መርማሪው ጆሮውን አስጠጋ። «ከስር የሚያወራ ሰው የለም?»

«የባዶ ክር ድምፅ ይኸው ነው፣ ልጄ። የሚያወራ ከሰማህ ንገረኝ፤ እኔም ልስማው።»

ስድስቱንም ሰማን። ወደ ክፍሉ ስንመለስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ቲቸር፣ አስኬድከው?»

ሽማግሌው ወደ ጥጋቸው ሄደው ተቀመጡ። አዎ ብል እንደማያጋልጡኝ ገባኝ።

«አቅቶኝ ነበር፤ ያስኬዱት እሳቸው ናቸው» አልኩና ምንጣፌን ስቤ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ክር ሲሰነጠቅ እንዴት እንደሚጠገን ጠየቅኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ተለቀቅኩ። እሳቸው ቀሩ፤ መቼ እንደወጡ እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ የጋሞ ሽማግሌዎቹን ምርቃት እየቀዳሁ ነው። የቀዳሁትን ስሰማ፣ እኔ ያመለጠኝን የካምባው ጋሼ ይሰሙት ነበር እላለሁ። ቅናቱ አልለቀቀኝም። እናንተም አንድ ነገር ሞክሩ፦ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ፣ የሚያከብሯችሁ ሰዎች እየሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁት።