ሹካ ለአሮጌው ሞተር

ነገሌ በሄድኩ ቁጥር ከገበያው ጥግ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ፊት እቆማለሁ። የሞተር ሳይክል የፊት ሹካዎች እንደ በግ እግር ጥንድ ጥንድ ሆነው ተንጠልጥለዋል። ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ እናቴ?» ይለኛል። ምንም። የመጣሁት ንዴቴን ላየው ነው። ሰው የልጅነቱን ሲያወራ ፊቱ ይፈካል፤ እኔ ግን ጥርሴን አፋጫለሁ።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በፊልቱ መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። አገሬው ግን «ዶክተር» ነበር የሚለው። ከአብዮቱ በኋላ ፈረንጆቹ ሲሄዱ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ትተውለት ሄዱ። ቤንዚንና አልኮል ተቀላቅሎ ሲሸተኝ ዛሬም አባቴ የመጣ ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱ ነገሌ ነው፤ ለሞተር ቅርብ፣ ለሴት ልጅ እግር ሩቅ። ዘመኑም የጦርነት ነበርና መንገዱ አይታመንም። ከተማ አክስቴ ዘንድ ልኑር ብል እናቴ «እዚያማ ድስት ታጥቢያለሽ እንጂ ፊደል አትቆጥሪም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ተስፋዬ አንድ ብቻ ነበር። አባቴ ማለዳ ማለዳ ለክሊኒኩ ጉዳይ ወደ ከተማ ሲወጣ ከኋላው አስቀምጦ ሊያደርሰኝ ቃል ገብቶልኛል። እኩዮቼ ማንበብ ጀምረዋል፤ እኔ ደግሞ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ምን እንደሚል ሳላውቅ፣ ግድግዳ ላይ በከሰል እገለብጥ ነበር።

ትምህርት ሳይከፈት አባቴ ከኩይሳ ጋር ተላተመ። እሱ ተረፈ። የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መሪው የሚወጡት ሁለቱ ቱቦዎች ግን ተጣመሙ። የነገሌው መካኒክ ኦቦ ጃርሶ በእሳት አቃናለሁ ሲል አንዱ ተሰነጠቀ። «ሌላ ሚላ ዱራ ይፈልጉ፣ ዶክተር» አለው። የፊት እግር ማለቱ ነው።

አባቴስ «የፊት እግር» ቢል ምን ነበረበት? አይልም! ፈረንጆቹ «ፎርክ» ሲሉ የሰማውን ወደ አማርኛ ገልብጦ፣ አዲስ አበባ ለሚመላለሰው የከብት መኪና ሾፌር ለጋሽ ታደሰ «የሚሲዮኑን ዕቃ ቤት ሁለት ሹካ ጠይቅልኝ፤ ለአሮጌው የሚሆን» ብሎ ላከው። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ዕቃ ቤት ለምትሠራው ሴትዮ «ዶክተሩ ሹካ ቸግሮታል፤ አሮጌም ቢሆን ይሆነዋል» አላት።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል መኪናው ደረሰ። ጋሽ ታደሰ በመስኮት ብቅ ብሎ «አካም ዶክተር! ሹካዎ መጥቶልዎታል፤ ፓስታው በሚቀጥለው ጉዞ!» እያለ አንድ ጥቅል አቀበለ። ተፈታ። ጥርሳቸው የተወላገደ የገበታ ሹካዎች! አባቴ ሳቀ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ኦቦ ጃርሶማ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ምዝገባው እኔን አልፎኝ መሄዱን ከመካከላቸው ያሰበ አልነበረም። ዘመድ ይኸው እስከ ዛሬ በየሰርጉ ያንን ሹካ እያነሳ በሳቅ ይንፈራፈራል። እኔን ዘወር ብሎ ያየኝ ግን የለም።

ሁለተኛው ከዚያ ባሰ። በዓመቱ የእውነት የሞተር ሹካ መጣ፤ ግን የሌላ ሞተር ነው። ከመያዣው ቀዳዳ ውስጥ፣ የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ሕፃን እግር ይንቀዋለላል። አንድ አዋቂ እንኳ የድሮውን ለክቶ አልላከም! «ሞተር ያው ሞተር ነው» ብለው ነበር። እናቴ ለእኛ ቀሚስ ስታሰፋ እንኳ የወገባችንን ልክ በክር ቋጥራ ነበር ከተማ ላለው ልብስ ሰፊ የምትልከው። ክሯን ወሰድኩ። የድሮውን ሹካ ቁመት ጥመቱን ተከትዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ውፍረቱን ዙሪያውን ለካሁና ቋጠርኩ። ለጋሽ ታደሰ ስሰጠው «ምነው ልጄ፣ ለሞተሩ ቀሚስ ልታሰፊለት ነው?» አለኝ።

«አዎ። በዚህ ልክ ካልሆነ እንዳያመጡ።»

አመጣ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ብረት መሀል የተገኘ የሌላ ፋብሪካ ሹካ፤ ስሙ ሌላ፣ ልኩ ያው። ግጥም አለ። ኦቦ ጃርሶ ቡሎኑን አጥብቆ መሪውን ሲጫነው ቁልቁል ሰጠም ብሎ ተመለሰ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

በማግስቱ ፊቴን ታጥቤ፣ ጸጉሬን ተጎንጉኜ በር ላይ ቆምኩ። አባቴ ታናሽ ወንድሜን ብድግ አድርጎ ከኋላው አስቀመጠው። እኔ ሹካ ስጠብቅ እሱ ለትምህርት ደርሶ ኖሯል።

«እኔስ፣ አባዬ?»

«ሞተሩ ሦስት አይጭንም» አለ፤ ዞሮም አላየኝ። «አንቺ እናትሽን አግዢ። ለከርሞ እናያለን።»

ለከርሞ ሲባል ብዙ ከርሞ አለፈ። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለኝ። የቤት ሥራዬን የሚያርምልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እወደውም ነበር። አሁን ነገሌ ተለውጣለች ይላሉ፤ እውነት ነው። ማለዳ ከአስፋልቱ ዳር ስቆም አንድ አባት ልጆቹን በሞተር ትምህርት ቤት ያደርሳል። ትንሿን ከፊቱ አስቀምጧል። ከኋላው ትልቋ አለች፣ ከእሷም ኋላ ወንዱ ልጅ እህቱን አቅፎ፣ ቦርሳው እየተንገጫገጨ። ከዓይኔ እስኪጠፉ አያቸዋለሁ።

ይጭን ነበር፣ አባዬ። ይጭን ነበር።