ኪስ ያለው ካርድ

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀስ ከያዘች የሚያስቆማት የለም። ለእናቴ ልደት ካርድ እንሥራ ብዬ ባለ አበባ ወረቀት ሳመጣላት ዓይኗ በራ። "ወይኔ ሲያምር! አምጪው፣ አምጪው!" ብላ ከእጄ ላይ ነጠቀችኝ።

ለካ እንደ ጨርቅ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ትታ ነው የቆረጠችው! ለካርዱ ያጠፍነው ወፍራም ወረቀት ላይ ስናስቀምጠው ባለ አበባው በግራ፣ በቀኝና በታች ተርፎ ወጣ።

"አበላሸሽው!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም በይ እስቲ!" አለችና ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ እጥፋቱን ብቻ ሙጫ ቀብታ ለጠፈችው። ከላይ ክፍት ቀረ። ጣቷን ሰደድ አደረገችበት።

"አንቺ! ኪስ ሆነ እኮ!"

እየዘለልን የእሷንና የእናቴን የልጅነት ፎቶ ከተትንበት።

በልደቷ ቀን እናቴ ፎቶውን ከኪሱ አውጥታ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን እህቷ ላይ አፈጠጠች።

"አንቺ ሴትዮ! ቀሚስ በሰፋሽልኝ ቁጥር ኪስ አድርጊልኝ ብዬ ስለምንሽ፣ 'ቅርፁን ያበላሻል' ትዪኛለሽ። ለወረቀት ሲሆን አደረግሽለት?"

አክስቴ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

"ተነሺ፣ ልለካሽ።"