አባቴ መስበክ ያቆመበት በጋ

ባለፈው ወር ዕቃ ላመጣ ናይሮቢ ወርጄ፣ የሞያሌው አውቶቡስ እስኪሞላ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ኮቱ የሰፋው አንድ ሽማግሌ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ገባና በስዋሂሊ መስበክ ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ። ተሳፋሪው ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትም «ደግሞ ስብከት!» ብላ በአማርኛ አጉረመረመች። እኔ ግን ያን የጉሮሮ ጠረጋ ስሰማ ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ሄዶ፣ ሽማግሌው ስለ ምን እንደ ሰበከ እንኳ ሳላውቅ ከአውቶቡሱ ወርዶ ሄደ። አባቴም ሊናገር ሲል እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

ያደግሁት ሞያሌ ነው፣ በኬንያው በኩል፣ ከኬላው ወረድ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት። ከፊት ለፊት አባቴና እናቴ ምግብ ይሸጡ ነበር፤ ሆቴል እንበለው እንጂ ማደሪያው ከጓሮ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ነበረች። ያኔ አስፋልቱ አልመጣም፣ የኢትዮጵያ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው አቧራ ለብሰው ይገቡ ነበር፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ደላላ እየነዳ የሚያመጣቸው፣ ወደ ደቡብ የሚሻገሩ፣ ቀና ብለው ሰው የማያዩ ወጣቶች ይመጡ ነበር። አባቴ ከወሎ የመጣ፣ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ኋላ ትምህርቱን ትቶ ንግድ የገባ ሰው ነው። ለእነዚያ ልጆች ሽሮውን አቅርቦ ዝም ብሎ መሄድ አይሆንለትም፤ ወንበር ስቦ ከአጠገባቸው ይቀመጥና፣ መንገድ ላይ ስለቀሩት፣ በየአገሩ እስር ቤት ስለሚበሰብሱት፣ በመኪና ሆድ ውስጥ ታፍነው ስለሞቱት እየነገረ፣ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ይለምናቸው ነበር።

እሑድ እሑድ ኬላውን በእግር ተሻግረን በኢትዮጵያው በኩል ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር፤ እዚያ ስብከት ሲባል ሁሉም ነጠላውን አስተካክሎ፣ ሕፃኑን ዝም አሰኝቶ የሚሰማው ነገር ነበር። ያው ቃል ሰኞ በእናቴ አፍ ሲገባ ግን ስድብ ይሆናል። «ስብከቱ ይብቃህ፣ ልጆቹ እህል ይውረድላቸው» ትለው ነበር ከጓዳ ሆና። ሾፌሮቹ «ሰባኪው» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እኔም ስለ ትምህርቴ ሊመክረኝ ሲነሳ «አባዬ፣ አትስበከኝ» ብዬ እሮጥ ነበር። ከቦሪ መንደር ወተት የምታመጣልን አደ ሎኮ የምትባል ቦረና ብቻ ነበረች የምትወድለት። ስብከቱን በኦሮምኛዋ «ላላባ» ትለዋለች፤ ከደጅ ሆና ዛሬም ላላባ አለ ወይ ብላ ትጠይቅና፣ አለ ከተባለች አማርኛው ባይገባትም ጀሪካኗን አስቀምጣ እስኪጨርስ ትሰማው ነበር። ደላሎቹ በበኩላቸው ጠምደውት፣ ልጆቹን ወደ ሌላ ምግብ ቤት መውሰድ ጀምረው ነበር፤ እናቴን የሚያበሳጫትም ይኸው ነበር።

አባቴ መስበክ ባቆመበት ዓመት ቦረናዎቹ ጋና የሚሉት ትልቁ ዝናብ ከባድ ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪኖች ከተማው ውስጥ ተኮልኩለው ሳለ፣ ከሆሳዕና ገጠር የመጣ ማርቆስ የሚባል ወጣት ወባ አጣድፎት እኛ ቤት ወደቀ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ደላላው ሌሎቹን ጓደኞቹን ጭኖ እሱን ጥሎት ሄደ። እናቴ የጓሮዋን ክፍል ሰጠችው፣ ሐኪም አስመጣችለት፣ አጥሚት እያጠጣች አነሳችው። ሲያገግም ሽንኩርት ይከትፍላት ጀመር፣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ወጥቶ ደፈነው፣ እየሠራም በአገሩ ቋንቋ መዝሙር ያንጎራጉር ነበር። እኔ ውሃውን ማጂ፣ ገንዘቡን ፔሳ እያልኩ አማርኛውን ከስዋሂሊ ስደባልቅበት እስኪያለቅስ ይስቃል። ወንድም የለኝም ነበርና፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ሆነ።

አባቴ ያን ዝናብ ሙሉ ሰበከው። ማርቆስ ጉልበቱን አቅፎ ይሰማል፤ እንደሌሎቹ ዓይኑን አያሸሽም፣ ግን መሬታቸው ለእሱ ጉዞ እንደ ተሸጠ እየነገረ፣ ምን ይዞ እንደሚመለስ ይጠይቅ ነበር። አባቴ ያን ጊዜ የመለሰለትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ልጄ፣ ባዶ እጅህን ብትገባ የሚስቅብህ ሰው አይጠፋም። እናትህ ግን እጅህን አታይም።»

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ማርቆስ ልመለስ ብሎ ተነሳ፤ አባቴ ሸሚዝ ገዝቶለት፣ ኬላውን አብሮት ተሻግሮ አውቶቡስ ላይ አሳፈረው። እኔ አኩርፌ ከጓሮ ተደብቄ ነበር። እናቴ በዚያ ቀን ለአባቴ ጥብስ ሠርታ አቀረበችለትና፣ ስብከትህ አንድ ሰው አወጣ አለችው፤ ቃሏ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ቀዝቃዛው፣ ነፋሻማው ወቅት እንዲያ አለፈ። አባቴ የማርቆስን ታሪክ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይተርክ ነበር፣ ሲተርክም ድምፁ ይሰበር ነበር፣ እኛም አንስቅበትም ነበር።

ከዚያ ሐጋያ የሚሉት አጭሩ ዝናብ ሳይመጣ ቀረና በጋው ከበጋ ጋር ተያያዘ። ውሃ ከኦዳ መንደር በኩል በአህያ ይመጣ ነበር፤ አደ ሎኮ ላሞቿ ነጥፈው መምጣቷን አቆመች፣ ከከተማው ዳር የሞተ ከብት ሽታ ከነፋሱ ጋር ይገባ ነበር። በዚያ ወቅት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆማ የቤቱን ጣሪያና ግድግዳ ትመለከት ጀመር። አባቴ ግቢ ልጄ፣ አረፍ በይ አላት። አልተቀመጠችም።

«ማርቆስን የሰበኩት እርስዎ ነዎት?»

አባቴ ፊቱ በርቶ እኔ ነኝ አለ፤ እንዴት ነው ልጄ፣ ደህና ገባ ወይ ብሎ በላይ በላዩ ጠየቃት። እሷ እህቱ አስቴር ነበረች። ቀስ ብላ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሆና ነገረችን። ማርቆስ ደህና ገብቶ ነበር፤ እናቱም በእልልታ ተቀብላው ነበር። ግን የሚያርሰው መሬት አልነበረውም፤ በገበያው «ሄዶ የተመለሰው» እያሉ ይጠቋቆሙበት ጀመር። ትቶት የሄደው መኪና ደግሞ ጓደኞቹን ደህና አድርሷቸው፣ እዚያ ደቡብ ሱቅ ተቀጥረው፣ ለየቤታቸው ገንዘብ መላክ ጀምረው ነበር። ያን መስማት ሲያቅተው፣ በሞያሌ በኩል የአባቴን ደጅ አልፎ መሄድ አፍሮ በምሥራቁ በረሃ ወደ ባሕሩ ወጣ። የተሳፈረባት ጀልባ አልተሻገረችም።

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ልጅቷን ልታቅፋት ስትል፣ አስቴር ወደ አባቴ ጎንበስ አለች።

«ልወቅስዎት አልመጣሁም። ደስ ብሎት ያወራ የነበረው ስለዚህ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ልየው ብዬ ነው።»

ያን ዕለት የጓሮዋ ክፍል ውስጥ አሳደርናት። ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ስትወጣ ደጃችን ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር፣ ከኋላው የማውቀው አንድ ደላላ ሰዓቱን ያያል። የመጣችው ለልቅሶ መስሎን ነበርና፣ ያን ጊዜ ነው የገባን፤ እሷም ወደ ደቡብ ነበር የምትሄደው፣ ወንድሟ በተመለሰበት መንገድ። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ወደ አባቴ ዞራ ቆመች። አንድ ነገር እንዲላት የጠበቀች መሰለኝ፤ ዛሬም ይመስለኛል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ምንም አልወጣውም። በሕይወቷ ሙሉ ዝም በል ስትለው የኖረችው እናቴ እጁን ያዘችው።

«አንድ ነገር በላት እንጂ።»

«ምን ብዬ?» አላት።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ሄዶ፣ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ከረጢት ተቀብሎ ራሱ መኪናው ላይ ጫነላትና፣ መንገዱን ያቅናልሽ ብሎ ተመለሰ። አቧራው እስኪጠፋ ከደጅ ቆመን አየን። በኋላ ለዓመታት፣ ከታች የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ አስቴር የምትባል ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት አላየህም ወይ ብላ የምትጠይቀው እናቴ ነበረች። አየሁ ያለ አልተገኘም።

አባቴ ከዚያ በጋ ወዲህ አልሰበከም። ደላሎቹ ይህን ሲያውቁ ልጆቹን መልሰው ማምጣት ጀመሩ፣ ገበያችንም ደራ፤ እሱ ሽሮውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ይወጣና አጥሩን ተደግፎ ይቆም ነበር። ዝናብ ሲመጣ እናቴ ሆነ ብላ ታስቆጣው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስብከት ትጠይቀው፣ ነገር ታነሳሳበት ነበር፤ እሱ ልክ ነሽ ብሎ ያልፋታል። እሑድ ሰባኪው ሲነሳም ውሃ የጠማው ሰው መስሎ ከቅጥሩ ውጭ ይወጣ ጀመር። ያን ልጅነቴን ሳስበው፣ ከረሃቡና ከውሃው ጥም ይልቅ የሚመጣብኝ የዚያ ቤት ዝምታ ነው።

አባቴ ካረፈ ቆየ፣ እናቴም ዓይኗ ደክሞ ተቀምጣለች፤ ምግብ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አስፋልቱ መጥቶ መኪኖቹ ብዙ አይቆዩም። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ወጣቶቹም ያው ናቸው፣ ዛሬ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይበላሉ። ያኔ ቤታችን ቆርቆሮው የሚያፈስ፣ እንግዳ የሚሸሸው፣ ግን ለማያውቀው ሰው ልጅ ድምፁ የሚሰበር አንድ ሰው ያለበት ቤት ነበር። አሁን ማንም ማንንም አይሰብክም። ልጆቹ በልተው ሲነሱ እጃቸውን የሚታጠቡበትን ቧንቧ አሳያቸዋለሁ፣ ያመሰግኑኛል፣ ይወጣሉ፤ እኔም ለሚቀጥሉት ጠረጴዛውን እወለውላለሁ።