ጉማን ካሳ ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ስድስት ነበርን። ስም አልጠራም፤ ግን አንድ በአንድ እናገራለሁ፣ ራሱን የሚያውቅ ያውቃል። ከበሩ አጠገብ የእድራችን ሊቀመንበር ተቀምጠው ነበር፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ሁላችንም ኦቦ ብቻ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከገፈርሳ ውሃ በላይ ባለው ዳገት ላይ የሚያርሱ። በኦቦ ጎን የልጃቸው ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ስላቆመ ወደ ቤቷ የተመለሰች ተማሪ። ግድግዳውን ተደግፎ ባለሱቁ፣ አባቱ ከስልጤ መጥተው ቡራዩ ላይ የከፈቱትን ሱቅ ዛሬም የያዘው። በመስኮቱ በኩል ከዳውሮ የመጣች፣ ክር ፋብሪካ የምትሠራ ሴት፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ዘምራ፣ ምሳም ሳትበላ ነው የመጣችው። ስድስተኛው እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው። የእድር ቤቱ ወንበር አምስት ስለነበረ እኔ በለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር የምጽፈው።

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን ከአሮጌ ጋዜጣና ሰው ከሚያውሰኝ መጽሐፍ ለቃቅሜ ተማርኩ። አማርኛውን ከእናቴ፣ ኦሮምኛውን ከሰፈር አገኘሁት፤ በሁለቱም ስለምጽፍ እድሩ ጸሐፊ አደረገኝ። ለሰው ማመልከቻም እጽፋለሁ። ሰው የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ በማስፈሬ እኮራ ነበር።

ቀኑ እሑድ ከሰዓት ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መንገዱን በድንጋይ የዘጋበት ሰሞን። ሚኒባስ ካቆመ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ ኢንተርኔትም የለም። ከየሰፈሩ የታሰረ ልጅ ነበረ፣ ከእኛም ሰፈር ሁለት። ሰው ፈርቶ ነበር፤ ከፍርሃቱ በላይ ግን ደክሞት ነበር። መምህሩ ስብሰባውን ሲከፍቱ እንኳ አልቆሙም፣ እንደተቀመጡ ነው ደብዳቤውን ያነበቡልን።

የእኛ ከተማ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው በኦሮምኛ ነው። ይህ ደብዳቤ ግን ከአዲስ አበባ፣ ፕላኑን ከሚያጠና አንድ ክፍል የመጣ ስለነበረ ፕላኑ የሚነካውን ሰው መልስ በእድሩ በኩል በአማርኛ፣ በቃለ ጉባኤ አድርገን እስከ ሰኞ እንድንልክ ይላል። ዋናው ነገር፣ የፕላኑ መስመር የኦቦን ማሳ መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል። ከስድስታችን ማሳ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው በእኛ ወረቀት ላይ ይወሰናል ብለን አሰብን፤ በዚህስ አልተሳሳትንም።

ተማሪዋ ቀድማ ተናገረች። «ይሄ የዘንድሮ ነገር ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ለባርነት፣ ለተነጠቀ መሬት ካሳ ይከፈል ተብሎ በየፓርላማው ይከራከራሉ። እኛ ጋ ገና በድለናል የሚል ሰው እንኳ አልተገኘም።»

«ማን ማንን ይክሳል?» አሉ መምህሩ። «በዳዩም ሞቷል፣ ተበዳዩም ሞቷል። የሙታንን ጠብ እስከ መቼ ነው የምንጣላላቸው?»

«መምህር፣ የእርስዎ ግቢ እኮ የሙት ስጦታ ነው» አለ ባለሱቁ ፈገግ ብሎ። «ወላሂ፣ ለክፋት አይደለም ያልኩት።»

ለክፋት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እውነት እንደሆነም እናውቃለን። የመምህሩ አያት ወታደር ነበሩ፣ ያ ዳገት በደሞዝ ፈንታ የተሰጣቸው። የኦቦ አባት ደግሞ ጭሰኛቸው ነበሩ። ደርግ መሬቱን ሲያከፋፍል ማሳው ለኦቦ ደረሰ፣ ለመምህሩ ቤተሰብ ግቢው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች አንድ እድር ውስጥ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሚስት ቀብሯል። ስለዚያ ዘመን ግን አንድ ቀን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«አያትህ በበቅሎ ይሄዳል» አሉ ኦቦ። «አባቴ ጠመንጃውን ተሸክሞ ከኋላ ይሮጣል። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ አይቻለሁ።»

«እኔ ያኔ አልተወለድኩም፣ ኦቦ።»

«አልተወለድክም። አንተን አላልኩም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚሉት?»

«እኔስ እሱን አይደል የምፈልገው?» አሉ ኦቦ። «እኔ ነኝ የሚል ሰው።»

ያን ጊዜ ነው የፋብሪካዋ ሴት የተናገረችው፣ ወደ ማንም ሳታይ። «እኔስ ማንን ልጠይቅ? የአያቴ ታላቅ እህት በልጅነቷ ተሸጣ ወደዚህ አገር መጣች ይሉናል። ሱሉልታ ገባች የሚሉ አሉ። ሌላ ወሬ የለም። እኔ ደግሞ ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ በክር ጥቅል ከሰው ጋር ስጣላ ያንኑ ቃል ይሉኛል። ቃሉን እናንተም ታውቁታላችሁ።»

«እንግዲህ እዚህ ቤት ያልተበደለ ጠፋ» አለ ባለሱቁ። «እኔ ብቻ ነኝ በዳይ፣ ያውም በስኳር ሚዛን።»

«እሱንማ ሰፈሩ ያውቃል» አለችው። ተማሪዋ ሳቀች፣ መምህሩም ትንሽ ሳቁ።

ኦቦ አልሳቁም። ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አሻገሩ። «በአያቴ ቤት አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «ውሃውን የምትቀዳ፣ እንጨቱን የምታመጣ እሷ ነበረች። ከእኛ ጋር አትበላም። ስሟን ጠይቄ አላውቅም።»

«አካኮ» አለች ተማሪዋ፣ አያቷን ልታስቆም ክንዳቸውን ይዛ።

«ተይኝ፣ ልናገር።» ወደ ፋብሪካዋ ሴት ዞሩ። «ያንቺ ትሁን አትሁን አላውቅም፣ ልጄ። ግን በድለናል።»

ሴትዮዋ የሹራቧን እጅጌ ጎተተች። «ምን እንደምመልስልዎ አላውቅም፣ አባባ» አለች።

«መልሽልኝ አላልኩም።»

ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩ እኔ ጋ አለ። የሚቀጥለውን ነው በትክክል ያልጻፍኩት።

ኦቦ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ አስጻፉኝ። የተናገሩት በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦ «መሬቴን የሚፈልግ መጀመሪያ ጉማዬን ያምጣ። ከዚያ እንነጋገራለን።» ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ የለም።

ጉማን ለማያውቅ ሰው ልናገር። ነፍስ ሲጠፋ ወይም ትልቅ በደል ሲደርስ የሚፈጸም የእርቅ ሥርዓት ነው። የበደለው ወገን ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ በድያለሁ ይላል። መክፈል ካለም የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ያ ቃል ሳይወጣ የተከፈለ ከብት ጉማ አይባልም። ነገር ግን ቃሉ ሌላም ፊት አለው። ያልታረቀ ሰው ጉማዬን አወጣለሁ ካለ፣ እበቀላለሁ ማለቱ ነው።

እስክሪብቶዬ ቆመ። መምህሩ ገባቸው። «ጉማ ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እዚያ ያለው አንባቢ አንዱን ኦሮምኛ የሚያውቅ ይጠይቅና በቀል ነው ይለዋል። በዚህ ሰሞን ሽማግሌ መሆናቸውን ማን ያይላቸዋል? ‹ከዚያ እንነጋገራለን› የሚለውም ዛቻ ይመስላል።»

«እንዳሉት ይጻፈው» አለች ተማሪዋ።

«አንቺ ነሽ እስር ቤት ስንቅ የምታመላልሺው?» አላት ባለሱቁ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ካሳ በለውና ተገላገል። ያው አይደል?»

እኔም ደክሞኝ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መሬቴ ከተፈለገ መጀመሪያ ካሳ ይሰጠኝ።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ተውኩት፤ የጻፍኩትንም ለማንም አላነበብኩም።

ኦቦ ማንበብ አይችሉም፤ ይህ ሁሉ ሲባልም ጆሯቸው ስለሚከብድ በሹክሹክታ የተነጋገርነውን አልሰሙም። በማኅተሙ ቀለም አውራ ጣታቸውን ነክረው ሊያትሙ ሲሉ ቆም አሉና «እንዳልኩት ነው የጻፍከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ኦቦ» አልኩ።

አተሙ።

ፕላኑ በዚያው ዓመት ተሰረዘ ተባለ። ልጆቹ ዘፈኑ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ የእኛ ወረቀትም የትም መዝገብ ቤት ተጥሎ የቀረ መሰለኝ። በሚቀጥለው በጋ ግን ለሌላ ሥራ የመጡ ቀያሾች ችካል ይዘው ዳገቱን ወጡ። አማርኛ ብቻ የሚናገር ወጣት ነበር የሚመራቸው፤ ኦቦ የሰፈር አማርኛ እንጂ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ስለማይከተሉ እንዳስተረጉም ተጠርቼ ደጃፋቸው ደረስኩ። ከያዘው ዶሴ ውስጥ የእኛ ቃለ ጉባኤ ነበረበት። ከላዩ ላይ በቀይ «ለመነሳት የተስማሙ፣ ካሳ የጠየቁ» ተብሎ ተጽፏል። ካሳ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንደዚያ ነው፤ ካሳ የጠየቀ ሰው ለመልቀቅ ተስማምቷል። ከዳገቱ ማዶ ያሉት ገበሬዎች ምንም ስላልጠየቁ «ውይይት የሚቀራቸው» በሚል ሌላ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ችካሉም እነሱ ጋ አልደረሰም።

ለኦቦ ተረጎምኩላቸው። በዚያ ቀን አንዲት ቃል አልቀየርኩም።

«እኔ መቼ ነው ካሳ የጠየቅኩት?» አሉ።

ቀያሹ ወረቀቱን ዘርግቶ አሻራቸውን አሳያቸው። አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ ይመስል ትንሽ አጎንብሰው ቆዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቀያሾቹ ሲሄዱ ያለውን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። መምህሩ ያሉትን፣ ባለሱቁ ያለውን፣ እኔ የጻፍኩትን።

«ለእኔ ፈርተህ ነው» አሉኝ። «እነሱም ለእኔ ፈርተው ነው። ሁላችሁም ፈራችሁልኝ፣ እኔ ብቻ ሳልሰማ።» ከዚያ፦ «ግን ጠይቄህ ነበር።»

ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጻፍኩ። በሁለቱም ጉማ ብዬ፣ ትርጉሙን በመስመሩ ሥር አብራርቼ። የመጀመሪያውን መልስ እስካገኝ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ፤ «በቃለ ጉባኤው የተሰጠው ቃል የጸና ነው» ይላል። ሁለተኛው መልስ አልነበረውም። በክረምቱ ዋዜማ ኦቦ ሱሉልታ ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ዕቃቸውን ስንጭን «ያን ቀን የነበሩት ሰዎች ፊት ተናገረው» አሉኝ። «ለእኔ ነግረኸኛል። ለእነሱም ንገራቸው።»

ልሰበስባቸው ሞከርኩ። መምህሩ ታመው አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ናቸው፣ ጠያቂም አይገባላቸውም። የፋብሪካዋ ሴት ኮዬ ፈጬ ተከራይታ ገባች ይላሉ፣ ስልኳ አይሠራም። ተማሪዋ ሥራ ይዛ ሩቅ ሄደች። የቀረው ባለሱቁ ነው፤ ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። የሚመዝነውን ስኳር አቁሞ ሰማኝና «ካሳ በለው ያልኩህ እኔ ነኝ፣ እኔንም ጻፈኝ» አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ኦቦ ባለፈው ዓመት ሱሉልታ ላይ አረፉ። ስለዚህ አሁን የምናገረው በዚህ ወረቀት ነው፣ እናንተ ባላችሁበት፦ ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ተጠይቄም ዋሽቻለሁ።

አንድ ነገር ይጎድለኛል። አቀርቅሬ ያንን ዓረፍተ ነገር እየጻፍኩ ሳለ መምህሩ ወንበራቸውን ወደ ኦቦ አስጠግተው በጆሯቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቀና ስል ኦቦ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። እኔ ቃል ስመርጥ አልሰማሁም። በደብተሩም የለም፤ ባለሱቁም አልሰማሁም አለኝ። ኦቦን ልጠይቃቸው እያልኩ ሳልጠይቅ ቀረሁ። በድለናል ብለዋቸው እንደሆነ፣ ኦቦ የፈለጉትን ያን ቀን እዚያው አግኝተዋል ማለት ነው፤ የፍርሃት ምክር ብቻ ከነበረም እሱን ማወቅ አለብኝ። መስኮቱ ጋ የነበርሽው፣ ከአያትሽ ጎን የነበርሽው፣ መምህር እርስዎም፣ የሰማችሁትን ንገሩኝ። ሌላም የሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ በቃላችሁ ልክ እጽፈዋለሁ።