ሳልነቅለው የቀረሁት ሶኬት

በዚያ ዓመት እኛ በምንኖርበት በኮኪት ናፍታ የጠፋው ልክ ሰሊጡ ሲደርስ ነበር። የደረሰ ሰሊጥ አይታገስም፤ ፍሬው ይረግፋል። ለሠራተኞቹ ውሃና ስንቅ የሚያመላልሰው ትራክተራችን ግን ግቢ ውስጥ ቆመ።

ባለቤቴ ዕድሜያቸውን በትራክተር ጥገና የጨረሱ ሰው ናቸው። ሸሕዲ ከተማ ካሉ ምግብ ቤቶች የተጠበሰበት ዘይት እየሰበሰቡ ናፍታን የሚተካ ነዳጅ መሥራት ጀመሩ። ከአንድ በርሜል ሥር ቧንቧ አወጡ፤ ከቧንቧው ትንሽ ከፍ አድርገው ከአሮጌ የውሃ ማሞቂያ የፈቱትን በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ፣ ሬዚስታንሱን፣ ገጠሙ። ዘይቱ መጀመሪያ ሞቆ ውሃው ይወጣለታል። አልኮሉና ኮስቲክ ሶዳው የሚጨመሩት ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ነው። ግቢው ጥብስ ጥብስ ይሸታል።

ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ትልና፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ዶሮ አለ?» ትላቸዋለች።

«አለ፤ አንቺ እስክትደርሺ ግን አጥንቱ ነው የሚቀረው» ይሏታል።

በእኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ማንም ምንም አይነቅልም። ሁሉም እንደተሰካ ይቆያል፤ መመለሱን የምናውቀው በዚያ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይቱ እየሞቀ ሳለ መብራት ሄደ። ባለቤቴ ጥቂት ጠበቁ። ዘይቱ ዝቃጭ ስለነበረው ደግመው ሊያጠልሉት ቧንቧውን ከፍተው ወደ ሌላ በርሜል ይለቁት ጀመር። እኔ በረንዳው ላይ ማሽላ እለቅም ነበር። ሶኬቱ እንደተሰካ አየሁ።

ሬዚስታንስ ዘይት ሳይሸፍነው መጋል እንደሌለበት የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሙያቸው ነው፣ ሳያውቁ አይቀሩም ብዬ ወደ ማሽላዬ ተመለስኩ።

ዘይቱ ሲጎድል ውስጡን ለማየት ጎንበስ አሉ። ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከበርሜሉ ጭስ ተነሣ፤ ቀና ሳይሉም ነበልባሉ አገኛቸው።

ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ጎረቤታችን ባልዲ ይዛ ደረሰች።

«ውሃ አይሆንም! ክደኑት!» አሉ፣ ፊታቸውን በክንዳቸው እንደሸፈኑ። ቆርቆሮ ደፋንበት፤ እሳቱ ታፍኖ ጠፋ። አልኮሉ ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም።

ጎንደር ሐኪም ቤት ዐይናቸው ታሽጎ ሰነበተ። ያያሉ ወይስ አያዩም የሚለውን የሚነግረን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ «አይቼው ነበር» አልኳቸው።

«ሶኬቱን?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አፍሽን ያዘው?»

«እርስዎን ማረም ከበደኝ።»

«እኔኮ ረስቼው ነው» አሉ።

ዐይናቸው ተረፈ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ መፍቻ አይጨብጡም።

አዲሱን በርሜል የገጠምነው አብረን ነው፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሣ ማብሪያ አስገባልን፤ ዘይት ሲጎድል የሚያጠፋ ተንሳፋፊም አለው። እኔ በዚህ ብቻ አላምንም። እጃቸው ወደ ቧንቧው ሲሄድ፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ «ይቁሙ» እላቸዋለሁ።

ይቆማሉ። ሄጄ እነቅላለሁ።